በደቻቱ አሸዋ ላይ የቆመ ካሜራ፦ የድሬዳዋና የአካባቢዋ ፎቶግራፎች እንደ ታሪክ ምንጭ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ለታሪክ ትምህርት ክፍል ጥቂት የቀለለ ሊመስል ይችላል። ስለ ጦርነት፣ ስለ ውልና ስለ ሥልጣን ስንከራከር በኖርንበት አዳራሽ ስለ ገበያ፣ ስለ ዋሻ ሥዕልና ስለ ዝንጀሮ ፎቶግራፍ ልናገር መጥቻለሁ። ሦስቱም የተነሡት በአንዲት ከተማ ዙሪያ ነው፤ ወዳጆቿ «የበረሃዋ ንግሥት» በሚሏት በድሬዳዋ። ጥያቄዬ አንድ ነው። የታሪክ ባለሙያ ፎቶግራፍን በማስረጃነት ሲይዝ ማንበብ ያለበት ፎቶ አንሺው አስቦ መሀል ላይ ያኖረውን ነው ወይስ ሳያስበው ከዳር የገባውን? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ድሬዳዋ ከመቆርቆሯ በፊት፣ በሐረር ነው። በ1883 ሐረር ገና በግብጾች እጅ ነበረች። ግጥም መጻፉን ትቶ በአልፍሬድ ባርዴ የንግድ ቤት በቡናና በቆዳ ንግድ ላይ የተሰማራው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከሊዮን ያስመጣው ካሜራ በዚያው ዓመት በእጁ ነበር። በግንቦት ወር መጀመሪያ ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ራሱን ያነሣባቸውን ሦስት ፎቶግራፎች አያይዟል፤ አንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ፣ ሌላው በቡና ተክል መካከል፣ ሦስተኛው በሙዝ ተክል ውስጥ እጆቹን አጣምሮ የቆመበት። ሥዕሎቹ የነጡበትንም ምክንያት አልደበቀም፤ ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውሃ መጥፎ ስለ ሆነ ነው ይላል።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎች የባለቅኔው ፊት በደንብ ባለመለየቱ ሲቆጩ ኖረዋል። እኔ ግን ይህችን ስለ ውሃ የተጻፈች አጭር ቃል ከፊቱ ይልቅ እወዳታለሁ። የዘመኑ ፎቶግራፍ የሚታጠበው በብዙ ንጹሕ ውሃ ነበር። ውሃው ቆሻሻ ወይም ጨዋማ ከሆነ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ሙቀቱ ከበረታ ደግሞ በመስተዋቱ ላይ የተቀባው ጄላቲን ያብጣል፣ ይላላል፣ ይፈታል። እንግዲህ ከበረሃው ዳር ፎቶ ያነሣ ሰው ሁሉ፣ ያገሬው ሰውና ግመሉ እንደሚያደርጉት፣ አስቀድሞ ጉድጓዱን መጠየቅ ነበረበት።

ራምቦ ከራሱ ሌላ ያነሣቸው ጥቂት ሥዕሎችም ተርፈዋል። ከእነርሱ አንዱ በሐረር ገበያ ተቀምጦ የቆዳ ስልቻ የሚሠራ ሰው ያሳያል። በዚያ ጊዜ የሐረር ቡና ከዚህ ስልቻ ጋር በግመል ተጭኖ በሶማሌ በረሃ በኩል ወደ ዘይላ ይወርድ ነበር፤ ራምቦ ራሱ በ1880 ወደ ሐረር ሲወጣ መንገዱ ሃያ ቀን ያህል ፈጅቶበታል። በመግለጫው ላይ የሰውየው ሙያ ተጽፏል፤ ቦታውም ተጽፏል። ስሙ የለም። ከዚህ በኋላ በምናገረው ሁሉ ይህን የጎደለ ስም ከልባችሁ እንዳታወጡት እለምናለሁ።

ባቡሩ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራውን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ ወደ ሐረር ደጋ መውጣት እጅግ ስለሚያስቸግርና ወጪው ስለሚበዛ እዚያው ሜዳ ላይ ጣቢያ ተከለ። አዲሲቱ ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነውና ከዚያ በፊት ለዓመታት ወደ መሀል አገር የሚጓዝ እንግዳ ከባቡር ወርዶ በቅሎ የሚጭነው ድሬዳዋ ላይ ነበር። የመስተዋት ሳጥን፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ኋላም የፊልም ጥቅል በዚሁ በር ገባ። የጠበቀ፣ የሚጠፋበት ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ፎቶ ያነሣል። ከተማዋ ገና በልጅነቷ ይህን ያህል የተነሣችበት ምክንያት ውበቷ ብቻ አይመስለኝም።

የተነሣው ግን ምንድን ነው? በመሀል የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ሎኮሞቲቩ፣ የጣቢያው ፊት፣ የከዚራ ቀጥ ያለ ጎዳና ነው። ሰው ካለ ለመለኪያ የቆመ ይመስላል፤ የመንኮራኩሩን ትልቅነት በቁመቱ እንድናውቅበት። በፖስታ ካርድ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሰው «ዓይነት» ይሆናል፦ የሶማሌ ዓይነት፣ የኦሮሞ ሴት ዓይነት፣ የአፋር ዓይነት። ሠዓሊዎችና አታሚዎች ለንግድ ያወጡት ይህ ልማድ በድሬዳዋ ብቻ የታየ አይደለም፤ በቀይ ባሕር ወደቦች ሁሉ የተለመደ ነበር። ሆኖም አንድ ፎቶግራፍ ሁለት ሕይወት ሊኖረው ይችላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጣቢያውን የቆዩ ሥዕሎች ግልባጭ ይዤ በለገሀሬ ሰፈር ወደሚኖሩ አንድ የሽመንደፈር ጡረተኛ ዘንድ ሄጄ ነበር። እኔ የሎኮሞቲቩን ዓይነትና ዘመን እንዲነግሩኝ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ባቡሩን አልፈው ከዳር ባንዲራ ይዞ የቆመውን ሰው በጣታቸው ነኩ። «ልጄ፣ ባቡሩንማ ሁሉም ያውቀዋል፤ ይኼንን ሰውዬ ግን እኔ ከሞትሁ ማን ያውቀዋል?» አሉኝ። ስሙን፣ የመጣበትን አገር፣ የልጆቹን ቁጥር ጭምር አስጻፉኝ። እኛ ምሁራን «የቃል ታሪክ» እያልን በመቅድም የምናስከብረው ነገር አንዳንድ ጊዜ እንዲህ በአንድ ጣት ይጀምራል።

የጣልያንን ዘመን ፈጠን ብዬ አልፈዋለሁ። በግንቦት 1936 ከሰሜንና ከደቡብ የመጡት የፋሺስት ጦሮች ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ፤ ካሜራም አብሯቸው ነበር። የዚያ ዘመን ሥዕል አቀናባሪው መንግሥት ስለሆነ መሀሉ ሁሉ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ ለእኔ የሚጠቅመኝ አሁንም ዳሩ ነው።

አሁን ወደ ዋሻው ልውጣ። ከከተማዋ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ከሸለቆው ከፍ ብሎ፣ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻ አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። በ1929 ዋሻውን ለሳይንስ ያስተዋወቁት መርከበኛውና ደራሲው ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ኢየሱሳዊው ካህን ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን ናቸው፤ በ1933 ደግሞ ሌላው ካህን፣ የዋሻ ሥዕል ሊቅ የነበረው አንሪ ብረይ፣ ለቁፋሮና ለሥዕሎቹ ጥናት መጣ። ብረይ ሥዕሎቹን በእጁ ገለበጠ። ካሜራ እያለ እጅን መምረጡ ዛሬ ላለ ተማሪ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ ነገር ግን ምክንያት ነበረው። የዘመኑ ጥቁርና ነጭ ፊልም የደበዘዘ ቀይ አፈርን ከቡናማ አለት ለመለየት እጅግ ይቸገር ነበር። ዓይን የሚያየውን ሥዕል ካሜራው ድንጋይ አድርጎ ይመልሰዋል።

በብዙ አገር ያሉ ፎቶ አንሺዎች ለዚህ ችግር ያገኙት መላ አለቱን በውሃ ማርጠብ ነበር። ቀለሙ ለጥቂት ደቂቃ ደምቆ ይታያል፤ ውሃው ሲደርቅ ግን ጨው ከአለቱ ወደ ላይ ይወጣና ሥዕሉን በነጭ ቅርፊት ይሸፍነዋል፣ አንዳንዴም ይልጠዋል። አንድ ጥሩ ፎቶ ለማግኘት ሲባል የሺህ ዓመታት ሥራ ተበላሸ ማለት ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ዲስትሬች የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከወጣ ወዲህ ይህን የሚያደርግ ሰው ምክንያት የለውም። ፕሮግራሙ ከሳተላይት ምስል ጥናት የተወሰደ ስሌት ተጠቅሞ ቀለማትን ይለያያል፤ ባዶ ከሚመስል አለት ላይ ቀንዳም ከብት ሲወጣ ማየት እኔን ዛሬም ያስደንቀኛል። የሚያስፈልገው በተራ ካሜራ በጥላ የተነሣ ሥዕል ብቻ ነው። ውሃ አያስፈልግም። ራምቦን ቢደርስበት ደስ ባለው ነበር።

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በለጋ ኦዳ ዋሻ ላይ ያሉት ሥዕሎች በብዛት የከብት ናቸው። ከብቶቹ ሻኛ የላቸውም። ዛሬ በዚያው ግርጌ የሚነዱት ከብቶች ሻኛ ያላቸው ናቸው፤ ከእነርሱም ይልቅ ፍየልና ግመል ይበዛል። ስለዚህ እዚያ ፎቶ የሚያነሣ ተማሪ አንድ ነገር እንዲያደርግ እመክራለሁ፦ ሥዕሉን ብቻ በቅርበት አንሥቶ አይመለስ፤ ጥቂት ወደ ኋላ ይበልና አለቱንና ከአለቱ ሥር የሚያልፈውን መንጋ በአንድ ላይ ያንሣ። በአንድ ፎቶግራፍ ሁለት የከብት ዘመን ይገባለታል።

የዱር እንስሳውን ታሪክ ደግሞ ከባቡር ጣቢያ አንለየውም። ስዊሳዊው የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ሃንስ ኩመር ከ1960 እስከ 1961 ከሥራ ባልደረባው ከፍሬድ ኩርት ጋር በኤረር ጎታ አካባቢ ሐማድርያስ የሚባሉትን የበረሃ ዝንጀሮዎች አጠና። የጥንት ግብጻውያን ቅዱስ አድርገው የቀረጹት ዝንጀሮ ይኸው ነው። ወንዱ ብርማ ጋማ አለው፤ ሴቲቱ ቡናማ ናት። ቀን በየቤተሰቡ ተበታትኖ የሚውለው መንጋ ማታ በገደል ላይ አንድ ላይ ያድራል፤ አንድ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ይዞ ይኖራል፣ የራቀችበትንም አንገቷን ነክሶ ይመልሳል። ኩመር ይህን ሊያውቅ የቻለው እያንዳንዱን እንስሳ ለይቶ ስላወቀ ነው። ስም አወጣላቸው። አንዱ ሽማግሌ ወንድ «ፓተር» ተባለ፤ በላቲን አባት ማለት ነው። ከእርሱ ጋር የሚጓዘው ጎልማሳ «ሰርኩም» ተባለ። ጎልማሳው ከፊት ይቀድማል፣ ሽማግሌው ከኋላ ሆኖ ካልተስማማ መንጋው አይንቀሳቀስም። ይህ ምልከታ በ1968 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ገብቶ በዓለም ላይ ብዙ ተማሪ ተምሮበታል።

ለሥራው ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው፤ ያለ እርሱ ትዕግሥት ስለ እነዚህ እንስሳት የምናውቀው እጅግ ያንስ ነበር። ነገር ግን እንደ ታሪክ ባለሙያ ሁለቱን ክምችት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ዝም ማለት ይቸግረኛል። የኤረር ዝንጀሮ ስም አለው፣ ጠባይ አለው፣ ጓደኛ አለው። በዚያው ሐዲድ ላይ፣ በዚያው ጣቢያ አጠገብ፣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት የተነሣችው ወተት ሻጭ ግን «ዓይነት» ናት። ስሕተቱ የኩመር አይደለም፤ እርሱ ማድረግ የሚገባውን አድርጓል። ሌሎቹ ያላደረጉትን ያሳየናል እንጂ።

የመጨረሻው ጉዳዬ ደቻቱ ነው። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ግመል ያርፍበታል፣ ገበያ ይዘረጋበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ፎቶ አንሺዎች ወደውታል፤ ሰፊ ነው፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው። ሐምሌ 29 ለሐምሌ 30 አጥቢያ በ1998 ዓ.ም. ግን በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከ250 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ ሺዎችን ያለ ቤት አስቀረ። ቤት ሲሄድ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶም አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ የደቻቱን የገበያ ሥዕሎች ቀድሞ ባየሁበት ዓይን ማየት አልቻልሁም። በትግራይ የቤልጂጉ የመልክዓ ምድር ሊቅ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ የሠሩት ሥራ መንገድ አሳይቶኛል። እነርሱ በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ ጋር የመጡ እንግሊዞች ያነሡዋቸውን ፎቶግራፎች ይዘው በዚያው ቦታ ቆመው እንደገና አነሡ፤ በብዙዎቹ ቦታዎችም የዛፍና የቁጥቋጦ ሽፋኑ ከጥንቱ የተሻለ ሆኖ አገኙት። «አገሩ ድሮ ደን ነበር፣ ዛሬ ግን ተራቁቷል» የሚለውን የለመድነውን ንግግር የሚፈትን ውጤት ነው። ይህ ዘዴ ለደቻቱም ይሠራል። በቆየ ሥዕል ላይ የድልድዩ ምሰሶ ከአሸዋው በላይ ስንት ድርድር ድንጋይ እንደሚታይ መቁጠር ይቻላል፤ ዛሬ ያለውን ቆጥሮ ማስተያየት ነው። ቤቶቹ ወደ ወንዙ ሆድ በየትኛው ዘመን እንደ ወረዱ፣ ዳሩ የት ላይ እንደ ጠበበ፣ የትኛው ዛፍ ቆሞ እንደ ነበር ከሙሽራና ከሚዜ ጀርባ ይታያል። ሙሽራውን ያነሣው ሰው ስለ ጎርፍ አላሰበም፤ ስላላሰበም አልዋሸም።

እነዚህ ሥዕሎች በፓሪስ ወይም በዙሪክ አይገኙም። ያሉት በመጋላ፣ በከዚራና በለገሀሬ ቤቶች ውስጥ፣ በብስኩት ቆርቆሮና በሳጥን ግርጌ ነው፤ ሙቀቱና ብሉ እየበላቸው ነው። ስለዚህ በዚህ መንፈቀ ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር በየቤቱ እየሄድን ግልባጭ ማንሣት ጀምረናል። አልበሙን ከቤቱ አናወጣም፤ በመስኮቱ ብርሃን እዚያው እናነሣዋለን፣ የጀርባውንም ጽሑፍ ጭምር። ከዚያም ባለቤቱን ወይም ባለቤቲቱን በሥዕሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ በስም እንዲቆጥሩልን እንጠይቃለን። በዳር የቆሙትንም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በድሬዳዋ ዘመድ ያላችሁ፣ አልበም ያለበትን ቤት የምታውቁ ካላችሁ፣ ከንግግሩ በኋላ በር ላይ ጠብቁኝ፤ መዝገቡን ይዤ እቆያለሁ።