የፎቶው ጀርባ

ድሮ ካሜራ የቤተ መንግሥትና የባለጠጋ ዕቃ ነበር። ዛሬ የሁላችንም ኪስ ውስጥ ገብቷል። ብዙዎቻችን ደግሞ ማንሳት ብቻ አልበቃን ብሎ ‹‹የራሴን የፎቶ ማኅደር ልጀምር›› ማለት አምሮናል። ጥሩ ነው፣ እሰየው! ግን ጎበዝ፣ ከመጀመራችን በፊት የአገራችንን የፎቶ ታሪክ ገልበጥ አድርገን ጀርባውን ብናየው አይከፋም።

እ.ኤ.አ. በ1839 የዳጌር የፎቶ ጥበብ ፓሪስ ላይ ለዓለም ይፋ ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ካሜራ መቅደላ ደረሰ። አመጣጡ ግን የእንግድነት አልነበረም። በ1860 ዓ.ም አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር፣ ከመድፉ ጋር የመሐንዲስ ክፍሉን ፎቶ አንሺዎችም ይዞ ነበር። ተራራውን አነሱ፣ ሰፈሩን አነሱ፣ ከእስር የተፈቱትን አውሮፓውያንም አሰልፈው አነሱ። በዚያው ዓመት የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደና፣ ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ምስሉን አስቀረችው።

ያንን ልጅ ዛሬ ስናየው ሆዳችን የሚላወሰው ማን እንደሆነ ስለምናውቅ ነው። የንጉሥ ልጅ በመሆኑ ስሙ ተጽፎለታል። በዚያ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ የውጭ ሰዎች ያነሷቸው ስንትና ስንት ወገኖቻችን ግን ‹‹የሐበሻ ሴት››፣ ‹‹ወታደር››፣ ‹‹ቄስ›› እንደተባሉ ቀርተዋል። ሴትዮዋ የማን እናት ነበረች? የየት አገር ሰው? ፊቷ ከነንቅሳቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ስሟ ግን የለም።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወረሱ። ፎቶ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አገሩ ለማወቅ ብዙ አልቆየም። በ1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ‹‹ሰልመዋል›› ለሚለው ክስ ፎቶግራፍ በማስረጃነት ሲናፈስ ነበር። ‹‹የተቀነባበረ ነው›› የሚሉ ሞልተዋል፣ ክርክሩ እስከ ዛሬም አላባራም። ማን አነሳው? የት? መቼ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በጊዜው ታማኝ መልስ ቢያገኙ ኖሮ ክርክሩ ገና ድሮ ይጠወልግ ነበር።

ፎቶ ቤት እየተስፋፋ ሲመጣ ግን ሕዝቡ ራሱ አንድ ትልቅ ሥራ ሠራ። ያለውን ምርጥ ልብስ ለብሶ፣ ከሌለው ከጓደኛው ከረባት ተውሶ፣ ተነሳ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ገለበጠና ጻፈበት። ‹‹ለውድ እህቴ ለማስታወሻ ይሁንሽ›› ብሎ ስሙን፣ ቀኑንና ከተማውን አሰፈረ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ከጎኑ አረፈበት። ማንም ‹‹ታሪክ ሰንዱ›› አላለውም፤ ለዘመድ ናፍቆት ብሎ የጻፈው ነው እንግዲህ ዛሬ ሰነድ የሆነው።

እርግጥ የጀርባ ጽሑፍም ጣጣ አያጣም። ‹‹1962›› ብቻ ተብሎ የተጻፈ ፎቶ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ሌላ ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ ሌላ። ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው፤ የአምስት ዓመቱን ሕፃን ጎረምሳ ያደርገዋል። ‹‹ዓ.ም›› የምትለዋ ቁንጽል ምልክት ስንት ነገር ትሸከማለች!

ይህ ሁሉ የአልበም ወግ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2010 መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በፎቶ የተሞላ ነው። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ለመታወቂያ ወይም ለማስታወሻ ሲነሱ አንዳቸውም ምስላቸው ምስክር ሆኖ ይቆማል ብለው አላሰቡም። የሟቹ አጽም በጅምላ ጉድጓድ ውስጥ ማንነቱ ጠፍቶ ሲቀር፣ ‹‹ይህ ሰው ነበረ›› ብሎ የሚሟገትለት ስም ያለው ፎቶ ነው።

ታዲያ ዛሬ እኛ በቀን መቶ ፎቶ እናነሳለን፣ አንዱም ግን ጀርባ የለውም። ‹‹ስልኩ ቀኑን ይመዘግባል›› እንል ይሆናል። እውነት ነው፣ ቀኑን ይመዘግባል፣ አንዳንዴም ቦታውን። ነገር ግን ፎቶው በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያ መረጃ ተራግፎ ይቀራል። ባይራገፍስ? ስልኩ የአክስታችንን ስም ከየት ያውቀዋል?

ነገሩ ተስፋ የሌለው አይደለም። ‹‹ቪንቴጅ አዲስ አበባ›› በሚል ስም ጥቂት ሰዎች ከየቤቱ የድሮ ፎቶዎችን ማሰባሰብ ጀምረው እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ አድርገው አሳትመውታል። የከተማችን ታሪክ ከቤተ መንግሥት መዝገብ ይልቅ በእናቶቻችን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እንደኖረ አሳይተውናል።

ስለዚህ ማኅደራችንን ስንጀምር የካሜራው ዓይነት አያስጨንቀን። በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ማን እንደሆነ፣ የት፣ መቼ (በየትኛው አቆጣጠር!) እና ማን እንዳነሳው እንጻፍ። ከአዲሶቹም በፊት ከአሮጌው አልበም እንጀምር። አያቶቻችን አጠገብ ቁጭ ብለን፣ በጣታችን እየጠቆምን ‹‹ይቺስ ማናት?›› እንበላቸው። ይህን መልስ ከእነሱ ሌላ የሚያውቀው የለም፣ እነሱም ሁልጊዜ አይኖሩልንም።