ሻል እና ዊል

ሻል እና ዊል፤ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ዋናውን ግስ እየቀደሙ የትንቢትን ጊዜ የሚያመለክቱ ሁለት ረዳት ግሶች ናቸው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የፊተኛው ዕዳንና ግዴታን፥ የኋለኛው ፈቃድን ይገልጽ ስለ ነበር፥ ዛሬም የትንቢት ምልክት ሆነው ሳለ የቀድሞ ጠባያቸው ፈጽሞ አልለቀቃቸውም። በኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ መምህር የነበረው ጆን ዋሊስ፥ እ.ኤ.አ. በ1653 በላቲን ባሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው፥ ተናጋሪው ስለ ራሱ ሲተነብይ ሻልን፥ ተስፋ ሲሰጥ ወይም ሲዝት ዊልን እንዲይዝ፥ በሁለተኛውና በሦስተኛው መደብ ግን ይኸው እንዲገለበጥ ደነገገ፤ መምህራንም ይህን ሥርዓት እንደ ቀኖና ተቀብለው ለብዙ ትውልድ ሲያስተምሩት ኖሩ፤ ነገር ግን ስኮትላንዳውያንና አይርላንዳውያን፥ ኋላም አሜሪካውያን፥ በአብዛኛው ዊልን ለሁሉም መደብ ስለሚናገሩ፥ ደንቡ ከሕያው ንግግር ይልቅ የመጽሐፍ ነበር ማለት ይቻላል።

ሻል ዛሬ ጸንቶ የሚገኘው በተለይ በጥያቄና በሕግ ነው። «ሻል አይ ኦፕን ዘ ዊንዶው?» የሚል ሰው የሚሆነውን የሚተነብይ ሳይሆን የአድማጩን ፈቃድ የሚጠይቅ ነውና፥ አማርኛችን «መስኮቱን ልክፈተው?» ብሎ በትእዛዝ አንቀጽ ይፈታዋል፤ «እከፍተዋለሁን?» ብሎ የተረጐመ ተማሪ ግን ስቷል። በነጋሪት ጋዜጣ የእንግሊዝኛ ዐምድም ሻል ግዴታን ያመለክታል፤ በአሜሪካ ግን የመንግሥት የአጻጻፍ መመሪያዎች፥ ቃሉ ግዴታን ከትንቢት ያደባልቃል በማለት፥ በፈንታው መስት እንዲጻፍ ይመክራሉ።