ከአቁማዳ እስከ መስኮት፦ ውሃን ከጀልባ የማስቀረት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በጁን 1861 እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በደረቀው የአትባራ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ሰማ። ሲነጋ፣ ትናንት አሸዋ በነበረው ስፍራ ሰፊ ወንዝ ይጎርፍ ነበር። ዝናቡ የዘነበው በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ከገዳሪፍ እስከ ቁረይሻ የሚኖር ሰው ይህን ዓይነቱን ጎርፍ ከቤከር መጽሐፍ ይልቅ በዓይኑ ያውቀዋል።

ያን ክረምት ቤከር በኋላ በሕግ ካገባት ከፍሎረንስ ጋር ሶፊ በተባለች የአትባራ ዳር መንደር ሰነበተ። ወንዙን የሚያሻግር ጀልባ አልነበረም። ስለዚህ በአየር የተነፉ አቁማዳዎችን ከአንገረብ ጋር አስሮ፣ በላዩ ላይ የቆርቆሮ መታጠቢያ ገንዳውን አኖረ፤ በዚያም ተሻገሩ። (አንገረብ ስንል ሱዳኖች የሚተኙበትን አልጋ ማለታችን ነው፤ ከጎንደር በኩል ወርዶ ከአትባራ የሚገናኘው ወንዝ አይደለም። የስሙ መገጣጠም ግን ያስገርማል።) በእንዲህ ያለ መሻገሪያ ላይ የሚያሰጋው ገንዳው ሳይሆን አቁማዳው ነው። አፉ ከላላ፣ ወይም ቆዳው ቅባት አጥቶ ከተሰነጠቀ፣ የተሳፈረው ሁሉ ለጎርፉ ይሰጣል።

የጀልባ ታሪክ ሲጻፍ ጎልተው የሚወሱት ሠሪውና ባለቤቱ ናቸው። ለእኔ ግን ከሁሉም ይልቅ ብዙ የሚናገረው መጋጠሚያው፣ ማለትም ሁለት ነገር የተገናኘበትና ውሃ መግቢያ የሚፈልግበት ስፍራ ነው።

አትባራን ከሚሞላው ደጋ በስተደቡብ ባለው በጣና ሐይቅ፣ የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ችግሩን በሌላ መንገድ ፈትተውታል። የደንገል ታንኳ ውሃ እንዳይገባው አይታሸግም። ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፤ ከጉዞ በኋላ ታንኳው ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ሲያረጅ ይጣልና አዲስ ይታሰራል። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 በዚሁ ደንገል ላይ ተመሥርተው በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ያላቸው ትልልቅ ጀልባዎች በጣና ዳር አሠርተው ነበር። ንጉሡ በእንፋሎት የሚሄደውን መርከብ ያለ እንፋሎት ለመሥራት መድፈራቸው ምን ያህል እንደ ቸኮሉ ያሳያል።

ከገዳሪፍ በከሰላ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ለወረደ ሰው ደግሞ ሦስተኛው ዘዴ ይጠብቀዋል። በሱዋኪንና በምፅዋ የሚመላለሰው ሳምቡክ ከሳንቃ የተሠራ ነው። በሳንቆቹ መካከል በዘይት የራሰ ጥጥ በመዶሻ ይወተፋል፤ ከውሃ በላይ ያለው አካል የሻርክ ዘይት ይቀባል፤ ከውሃ በታች ያለው ደግሞ ሞራና ኖራ ተደባልቆ ይለሰናል። ሥራው በየጊዜው ይደገማል። የጀልባው ዕድሜም በዚህ ድግግሞሽ ይለካል።

ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ስዊዝ የሚያቀኑ ትንንሽ ባለ ሸራ ጀልባዎችም ሱዋኪንን ለብዙ ዓመታት ማረፊያ አድርገዋታል። ከ1960ዎቹ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ የፋይበርግላስ ናቸው፤ ሳንቃ የላቸውምና በጎናቸው የሚወተፍ የለም። ታዲያ ውሃው የት ይገባል? በመኝታ ክፍሉ መስኮት! መስኮቱ ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሆን፣ በሙቀት ከብርጭቆ ሰባትና ስምንት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። አንድ ሜትር የሚረዝም መስኮት በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በቀይ ባሕር ፀሐይ ቀን እየተለጠጠ ሌሊት እየተኮማተረ ሲኖር ማሸጊያው ይደርቅና ይላቀቃል፤ ፕላስቲኩም ይደበዝዛል፣ ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣል።

የሚንጠባጠበው ውሃ ትራስ ከማራስ አልፎ፣ በሁለት የፋይበርግላስ ንብርብሮች መካከል የተቀበረ ቀላል እንጨት ካገኘ ሳይታይ ያበሰብሰዋል። የደከመ መስኮት በማዕበል ከተሰበረ ደግሞ ጀልባው በቀዳዳው ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ አሮጌውን አውልቆ፣ ዙሪያውን እስከ ንጹሑ ፋይበርግላስ ድረስ ይፍቃል። በተለይ የአሮጌ ሲሊኮን ርዝራዥ ከቀረ አዲሱ ማሸጊያ አይይዝም። አዲሱ መስኮት ሲለጠጥ የሚገባበት ክፍተት ይተውለታል፤ የብሎኖቹም ቀዳዳ ሰፋ ይላል። ጀማሪውን የሚያሳስተው ብሎኑን አጥብቆ ማሰሩ ነው፤ ማሸጊያው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣና የሚለጠጥ ነገር አይቀርም። እንደ ሳምቡኩ ጥጥ ሁሉ፣ እዚህም ውሃ የሚያስቀረው ለስላሳው ነገር ነው።

እነዚህ ጀልባዎች መልሕቅ የሚጥሉት በአሮጌዋ ከተማ አጠገብ ነው። የሱዋኪን ነጋዴዎች ቤቶች ከባሕር ዛጎል ድንጋይ ተሠርተው በኖራ የተለሰኑ፣ ሮሻን የሚባል ወደ ውጭ የወጣ የእንጨት መስኮት ያላቸው ነበሩ። ፖርት ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1909 ተመርቆ ነጋዴው ወደዚያ ሲሄድ ኖራውን በየጊዜው የሚያድስ ጠፋ። ዝናብ በግድግዳው ገባ፤ ሮሻኖቹ ወደቁ፤ ቤቶቹም ተከተሏቸው።