ዓሣ መብላት በብልሃት

«ዓሣ መብላት በብልሃት» የምትለዋን ተረት የማያውቅ የለም። ሁልጊዜ የምትተረጎመው ግን ስለ እሾኹ ነው፤ ገበታ ላይ ተቀምጦ ቀስ እያሉ ስለ መልቀም። እኔ ደግሞ ብልሃቱ የሚጀምረው ከገበታው ብዙ ቀደም ብሎ ወንዝ ዳር ነው እላለሁ። ውኃው መቼ እንደሚሞላ፣ መቼ እንደሚጎድል፣ ዓሣውም ያኔ ምን እንደሚያደርግ ከማወቅ ይጀምራል።

ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬንና ሰከላን ያየ ሰው የወንዝ አገር መሆናቸውን አይስተውም። ላህ፣ ብርና ፈጣም ውኃቸውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ ይሰዳሉ። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የጎበኘው የግሽ ዓባይ ምንጭ ግን በግልገል ዓባይ አድርጎ ወደ ሰሜን ይወርድና ጣና ይገባል። የጎጃም ገበሬ የወንዙን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል፤ መቼ እንደሚሻገረው፣ መቼ ከብቱን እንደማያስጠጋ ያውቃል። የዓሣውን ጠባይስ?

ጣና ላይ በጅምላ «ነጭ ዓሣ» የምንለው አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም፤ ብዙ ዝርያዎች ያሉት ቤተሰብ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ለሳይንስ ካስተዋወቃቸው መካከል የአንዱ ሳይንሳዊ ስም «ጎርጓሪ» ይላል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ትዝ ሳይለኝ አላልፍም። ጉርጎራውም በእርግጥ ዘንዶ አውጥቷል።

ከእነዚህ ዝርያዎች በርከት ያሉት የሚራቡት ሐይቁ ውስጥ ሳይሆን ወንዝ ውስጥ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ወንዙ ሲሞላ አፉ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ጠጠር ያላቸውን ትናንሽ ገባር ወንዞች ፈልገው ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። በበጋ የማይታለፈው ጥልቀት የሌለው ቦታ በክረምት ይታለፋል፤ በጠጠሩ መሐል የሚያልፈው ውኃም ለዕንቁላሉ አየር ያደርስለታል። ደለል ከሸፈነው ግን ይታፈናል።

የጣና ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ሲያጠምዱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረ ፕሮጀክት ግን የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ መጣ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ዓሣው ገበያ አገኘ፣ አጥማጁም እንጀራ በላ። ክፋቱ፣ መረቡ የሚዘረጋው ዓሣው ተሰብስቦ በሚገኝበት በወንዙ አፍ፣ ያውም በመራቢያው ወራት ሆነ። ተመራማሪዎች የ1990ዎቹን መጀመሪያ ከመጨረሻው ጋር ሲያነጻጽሩ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት በ75 በመቶ ያህል ቀንሰው አገኟቸው።

ውኃው ሲጎድል ደግሞ ብርብራ አለ። የዛፉን ፍሬ ወቅጠው ዱቄቱን ኩሬ በሠራው ውኃ ላይ ሲበትኑት ዓሣው ይሰክርና ይንሳፈፋል። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለው መርዝ ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም። እንግዲህ በሙላት ጊዜ መረብ፣ በጉድለት ጊዜ መርዝ! ዓሣው መቼ ይረፍ?

እስቲ ለንጽጽር ወደ ባሌ እንሻገር። ወይብንና ዳንካን በመሳሰሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ትራውት የሚባል፣ ከኬንያ አምጥተው የለቀቁት ዓሣ አለ። ይህን ዓሣ በላባ በተሠራ ዝንብ መሰል መንጠቆ የሚያጠምዱ ሰዎች ሙያቸው በሙሉ ውኃን ማንበብ ነው። ውኃው ጎድሎ ሲጠራ ዓሣው ያያቸዋልና ትንሽ ዝንብና ቀጭን ክር ይዘው ከዳር ራቅ ይላሉ። ከፍ ብሎ ሲደፈርስ ትልቁን ዝንብ አስረው ጅረቱ ቀዝቀዝ የሚልበትን ዳርና ዳር ይፈልጋሉ። ጎርፍ ሲሆን ቤታቸው ይቀመጣሉ። እኛም ውኃ ማንበብ አላቃተንም፤ ያነበብነው ግን ለማድፈጥ ነው። የእነሱ ጨዋታ ነው፤ የእኛ ግን እንጀራ ነውና ከእነሱ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባን እኛ ነበርን።

ሕግ አልጠፋም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ሌላ ፈተናም ተጨምሯል። መራዊ አጠገብ፣ የግልገል ዓባይ ገባር በሆነው በቆጋ ላይ 7 ሺህ ሄክታር እንዲያለማ የታሰበ ግድብ ተሠርቷል። ለገበሬው በረከት ነው፤ ሽቅብ ለሚወጣ ዓሣ ግን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ክፍት የቀሩት ወንዞች ከሐምሌ እስከ መስከረም ቢታረፉላቸው ብዙ አልተጠየቀም።

ይህን ለጎጃም ገበሬ ለማስረዳት የውጭ ሊቅ አያስፈልግም። የረገዘች ላሙን የሚያርድ ገበሬ የትም የለም፤ ቢቸግረው ይበደራል እንጂ ቢላ አይስልባትም። በነሐሴ ጎርፍ ሽቅብ የምትታገለው ዓሣም ሆዷ ዕንቁላል መሆኑን ሰው ቢነግረው፣ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።