የአራስ ማዕድና የጾም ማዕድ
በሰሜን ሸዋ ስለ ጡት ማጥባት ልማድ አጭር ጥናት

መግቢያ

ስለ አንኮበር የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የነገሥታትና የውል ታሪክ ነው። በ1841 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን መልክተኞች እየመራ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ የወዳጅነትና የንግድ ውል አደረገ። በዓመቱም ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ሐኪም ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ ተቀመጠ። ሁለቱም በ1844 መጻሕፍቶቻቸውን አሳተሙ። ይሁን እንጂ የሕዝብ ታሪክ በእልፍኝ ብቻ ሳይሆን በጓዳም የሚሠራ ስለ ሆነ፣ እኛ በዚህ ጥናት ወደ አራስ ቤት ለመግባት አስበናል።

የምንመረምረውም ጥያቄ ይህ ነው። ከእናቱ ጡት በቀር ምንም ያልቀመሰ ጨቅላ ሆዱን ሲታመምና በዓይነ ምድሩ ደም ሲታይ፣ ምክንያቱ እናቲቱ የበላችው ምግብ ሊሆን ይችላልን? ሊሆን የሚችል ከሆነስ የሰሜን ሸዋ ልማድ ስለዚህ ነገር ምን ያስተምረናል?

፩፤ ስለ ሕመሙ

የላም ወተት ፕሮቲን የሚባል ገንቢ ክፍል አለው። እናት ወተት ስትጠጣ ወይም አይብ ስትበላ ከዚህ ፕሮቲን እጅግ ጥቂቱ ሳይፈጭ ወደ ደሟ፣ ከደሟም ወደ ጡቷ ያልፋል። ሻነን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እናት የበላችው የምግብ ፕሮቲን በጡቷ ወተት ውስጥ እንደሚገኝ በ1921 በሙከራ አሳይቷል። ይህ ለአብዛኞቹ ሕፃናት ምንም ጉዳት የለውም፤ የጥቂቶቹን አንጀት ግን ያስቈጣል። እንዲህ ያለው ሕፃን እየጠባና እየወፈረ ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወይም ወራት ዓይነ ምድሩ ንፍጥና የደም ጭረት ይታይበታል። ይህም የወተት ስኳር ካለመፈጨቱ የተነሣ ዐዋቂዎችን ሆዳቸውን ከሚነፋው ሕመም የተለየ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

በዚህ ጊዜ ሕፃኑ ጡቱን አይተውም። የምትተወው እናቲቱ ናት፤ እርስዋም የምትተወው የላምን ወተትና ከእርሱ የሚሠራውን ምግብ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ለውጥ ይታያል። ከዚያ በኋላ ወተቱን መልሳ ስትቀምስ ምልክቱ ከተመለሰ ጥርጣሬው ይረጋገጣል። አብዛኞቹ ሕፃናትም አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ወተቱ ይስማማቸዋል።

፪፤ የአራስ ማዕድ

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ15ኛው መቶ ዓመት የተቈረቈረችው ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ብርዳም አገር ናት። በአካባቢዋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ተልባ ይዘራል፤ በግና ከብትም ይረባል። እንዲህ ባለ ደጋ አራሲቱ እንድትሞቅና ሰውነቷ እንዲጠገን የሚቀርብላት ማዕድ በወተትና በቅቤ የበለጸገ ነው። የገብስ ገንፎ መካከሉ ተጐድጒዶ ቅቤ ይሞላበታል፤ አጥሚት ይፈላላታል፤ ጠያቂዎችም እንደ ዐቅማቸው ቅቤ፣ ወተትና እርጎ ይዘው ይመጣሉ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ አራሲቱ ከጾም ነጻ ናት።

የዚህን ልማድ በጎነት ልንክድ አይገባንም። የወለደች ሴት ምግብና ዕረፍት ያስፈልጋታል፤ ጎረቤትም ይህን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ያደርግላታል። በዚያው ቤት የሚደረጉ ሁለት ነገሮች ግን ይነቀፋሉ። አንደኛው፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ በብዙ ስፍራ እንደሚደረገው፣ ጨቅላውን ገና በተወለደ ጊዜ ለጋ ቅቤ ማላስ ነው። ሁለተኛው እንገሩን፣ ማለት የመጀመሪያውን ወፍራም የጡት ወተት፣ እንደ ቈሻሻ ቈጥሮ አልቦ መድፋት ነው። በዚህ ዐይነት ሕፃኑ ሰውነቱን ከበሽታ የሚጠብቅለትን እንገር አጥቶ የላምን ውጤት አስቀድሞ ይቀምሳል።

፫፤ የጾም ማዕድ

ክርስትናው ከተፈጸመ በኋላ ብዙ እናቶች ወደ ጾም ይመለሳሉ። በጾም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና ዕንቊላል አይበሉም። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ ይጾማሉ፤ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ የነቢያትና የሐዋርያት ጾምም አለ። ከፋሲካ በኋላ ግን እስከ 50 ቀን ድረስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም።

እንግዲህ በገና ሰሞን የተወለደ ወንድ ልጅን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እናቱ እስከ የካቲት መጀመሪያ ድረስ ቅቤና ወተት ትበላለች። ከዚያ ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን ወተት ከቤቷ ይጠፋል፤ በፋሲካ ተመልሶ ለ50 ቀን ሳይቋረጥ ይቀርባል። ሐኪም አንዲትን እናት ለ2 ወይም ለ4 ሳምንት ወተት አስትቶ፣ በኋላም መልሶ አስቀምሶ የሚያደርገው ፈተና ከዚህ ጋራ እጅግ ይመሳሰላል። ረቡዕና ዓርብ ብቻቸውን ግን ለዚህ አይበቁም፤ የተቈጣ አንጀት በአንድ ቀን አይድንምና።

ከአንኮበር ቊልቊል ሲወረድ በሚገኘው በአርጎባና በአፋር ምድር ነገሩ ሌላ ነው። የሙስሊሞች ጾም የቀኑን ሰዓት እንጂ ወተትን አይከለክልም። ስለዚህ በአንድ ተዳፋት ላይና ታች የሚኖሩ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡት በሁለት ልዩ ልዩ የምግብ ዘመን ነው። ቆላ ያለችው እናት በላም ወተት ፈንታ የፍየል ወተት ብትጠጣም አይበጃትም፤ የሁለቱ ፕሮቲን ተቀራራቢ ስለ ሆነ ሕፃኑን ያው ያስቈጣዋል።

የጾም ሥርዓት ለሕክምና የተሠራ አይደለም፤ እኛም እንደዚያ አላልንም። የምንለው፣ ወተት የሌለበትን ማዕድ አሟልቶ የማዘጋጀት ዕውቀት በዚህ አገር ጓዳ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ መኖሩን ነው። ሽሮው፣ ክኩ፣ ተልባው፣ ጐመኑና የኑግ ዘይቱ እንግዳ ነገር አይደሉም።

፬፤ በሕፃኑ ላይ የሚደርሰው

ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰው ወይም ጡት እንቢ ሲል ሰው ምክንያቱን በዓይን ወይም በምች ያሳብባል። ጤና አዳም ዘፍዝፎ የሚያጠጣም አለ። ከሁሉ የሚከፋው ግን እንጥል ማስቈረጥና ግግ ማስወጣት ነው። በዚህ ድርጊት ሕመሙ ከአንጀቱ የሆነ ልጅ ጕሮሮውና ድዱ በስለት ይቈስላል፤ ደም መፍሰስና መመረዝም ሕይወቱን እስከ ማሳለፍ ይደርሳሉ።

በከተማ ደግሞ ሌላ ስሕተት አለ። «ወተትሽ አልተስማማውም» ተብሎ ጡቱን አስጥሎ የቈርቈሮ ወተት መስጠት ነው። ተራው የቈርቈሮ ወተት ከላም ወተት የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ይህ ከድጡ ወደ ማጡ መሄድ ነው። በቀድሞ ዘመን የበረታ ሰው ከለላ የፈለገ ሁሉ ማር የተቀባ አውራ ጣቱን ጠብቶ «የጡት ልጅ» ይሆን ነበር፤ ውለታ ቢስም እስከ ዛሬ «ጡት ነካሽ» ይባላል። ጡትን ይህን ያህል በሚያከብር ሕዝብ መካከል የጡቷ ወተት ተነቅፎባት ማጥባት የምታቆም እናት ኀዘኗ ቀላል አይደለም፤ ያለ አስፈላጊነት የሚደርስባት በመሆኑም ይብሳል።

፭፤ ስለ አኩሪ አተር

አኩሪ አተር ለሰሜን ሸዋ ጓዳ አዲስ እህል ነው። በአሜሪካ ዶክተር ጆን ሩህራ በ1909 ለሕፃናት ምግብነት አቀረበው፤ በ1929ም ሂልና ስቱዋርት ወተት ለማይስማማቸው ሕፃናት ከእርሱ ምግብ አዘጋጁ። በአገራችን በ1962 ከስዊድን ጋራ በተደረገ ስምምነት የሕፃናት ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ ፋፋ የተባለው የሕፃናት ዱቄትም የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። ፋፋ ለብዙ ልጆች ጠቅሟል። ሆኖም ጡት ብቻ ለሚጠባ ጨቅላ የታሰበ አይደለም፤ አዘገጃጀቱም በየጊዜው የዱቄት ወተትና አኩሪ አተር ይገባበት ነበር። የላም ወተት ካልተስማማቸው ሕፃናት አንዳንዶቹን አኩሪ አተርም ስለሚያስቈጣቸው፣ ወተት ትታ ለውጥ ያላየች እናት በከተማ የሚሸጠውን የአኩሪ አተር ወተት ልትጠረጥር ይገባታል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከትነው የምንረዳው፣ ጾም ሁለት ነገር መሆኑን ነው፤ አንዱ ሰዓት፣ ሁለተኛው ማዕድ ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን የምታጠባ እናት የሚያስፈልጋት የጾሙ ማዕድ እንጂ የጾሙ ሰዓት አይደለም። ወተቱን፣ እርጎውንና አይቡን ትተው፤ ቅቤው አብዛኛው ስብ ቢሆንም ጥቂት ፕሮቲን ስለማያጣ እስኪረጋገጥ ድረስ እርሱንም ትተው። ነገር ግን ጧት ትብላ፤ ደጋግማም ትብላ። በቅቤው ፈንታ ዘይቱና ተልባው፣ በወተቱ ፈንታ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ጤፉና ጐመኑ ይጨመርላት።

የሚያለቅስ ሕፃን ሁሉ ግን ወተት ያልተስማማው አይደለም፤ ደምም በተላላፊ በሽታ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ደም ሲታይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ ትኵሳት ያለበት፣ መጥባት ያቆመ ወይም የከሳ ሕፃን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሊዘገይ አይገባውም። እናቲቱም ምግቧን የምታጎድለውና መልሳ የምትቀምሰው በባለሙያ ምክር ቢሆን ይሻላል።

የደብረ ብርሃንና የአንኮበር አዋላጆች፣ የጤና ሠራተኞችና የንስሓ አባቶች ይህን ነገር በአንድነት ቢያስተምሩ፣ ለእናቲቱ የሚነግሯት ባዕድ ትምህርት አይሆንም። የጾም ወጥ መሥራት ከእናቷ የተማረችው ሙያ ነውና፤ የሚጨመርላት ዕውቀት ልጅዋን ከጡቷ ሳትለይ ይህንኑ ሙያ መቼና ለምን እንደምትጠቀምበት ብቻ ነው።