የቆዩ የአብራሪ ሰዓቶችን ማሰባሰብ

የቆየ የአብራሪ ሰዓት የሚባለው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እስከ 1970ዎቹ ገደማ ለአብራሪዎችና ለናቪጌተሮች ታስቦ የተሠራ ባለሞላ የእጅ ሰዓት ነው። እነዚህን ሰዓቶች ፈልጎ ማግኘት፣ ማንነታቸውን ማጣራትና ሳያበላሹ ማቆየት ዛሬ ከሰዓት ሰብሳቢነት ዘርፎች አንዱ ሆኗል። ከሌሎቹ ዘርፎች የሚለየው የሚሰበሰበው ዕቃ ጌጥ ሆኖ አለመወለዱ ነው። አብዛኞቹ ወርቅ የላቸውም፤ የሠሪው ስም እንኳ በገጻቸው ላይ ያልተጻፈባቸው አሉ። የመንግሥት ንብረት ሆነው በቁጥር ወጡ፣ በቁጥር ተመለሱ፣ ሲያረጁ ተወገዱ። ስለዚህ ሰብሳቢው አጉሊ መነጽሩን ይዞ መጀመሪያ የሚፈልገው በቀፎው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ነው። (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጥ

ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከፓሪስ ይጀመራል። ብራዚላዊው አብራሪ አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞንት፣ ሁለት እጁ መሪ ላይ እያለ ከኪሱ ሰዓት ማውጣት እንዳስቸገረው ለወዳጁ ለጌጣጌጥ ሠሪው ለሉዊ ካርቲየር ነገረው። ካርቲየርም በ1904 በክንድ ላይ የሚታሰር አራት ማዕዘን ሰዓት ሠራለት፤ ሰዓቱ ለገበያ የቀረበው በ1911 ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሌሪዮ በ1909 ፈረንሳይንና እንግሊዝን የሚለየውን ባሕር በአውሮፕላን ሲሻገር በክንዱ ያሰረው የዜኒት ሰዓት ነበር። እነዚህ ግን ገና የባለጸጋና የዝነኛ ሰው ዕቃዎች ናቸው።

ሰዓትን የበረራ መሣሪያ ያደረገው የረጅም ርቀት በረራ ነው። ከውቅያኖስ በላይ ወይም በሌሊት የሚበር ሰው መሬት አይቶ መንገዱን መለየት አይችልም። ያኔ ናቪጌተሩ የፀሐይን ወይም የኮከብን ከፍታ ሴክስታንት በተባለ መሣሪያ ይለካል፤ የለካበትን ቅጽበት ከሰንጠረዥ ጋር አስተያይቶ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። በምድር ወገብ ላይ ሲሰላ 4 ሰከንድ ማለት አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰዓቱ አንድ ደቂቃ ቢሳሳት ናቪጌተሩ ካለበት ቦታ 15 የባሕር ማይል ርቆ ያለ ይመስለዋል። ነዳጁ እያለቀ ትንሽ ደሴት ለሚፈልግ አውሮፕላን ይህ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነበር።

አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ፊሊፕ ቫን ሆርን ዊምስ ለዚህ ቀላል መላ አገኘለት። አብራሪው በሬዲዮ የሚተላለፈውን የሰዓት ምልክት እየሰማ፣ ማሽኑን ሳያቆም፣ የሰከንዱን ገጽ ብቻ አዙሮ እንዲያስተካክል አደረገ። በ1927 ከኒውዮርክ ፓሪስ ብቻውን ያለማረፍ የበረረው ቻርለስ ሊንድበርግ ከዊምስ ናቪጌሽን ተምሮ ሐሳቡን ገፋበት። እሱ በነደፈው መሠረት የሰዓት ፋብሪካው ሎንጂን በ1931 ያወጣው ሰዓት ስፋቱ 47.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ጊዜን ብቻ ሳይሆን የምድርን የዙረት ማዕዘን በዲግሪ ያነብባል። የመጀመሪያዎቹ የሎንጂን ምርቶች በጨረታ ሲወጡ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ናቸው።

የጀርመኑ ናቪጌተር ሰዓት

በዘርፉ ብዙ የተጻፈለትም፣ ብዙ የተጭበረበረበትም ይህ ነው። የጀርመን አየር ኃይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለናቪጌተሮቹ ያሠራው ሰዓት የቀፎው ስፋት 55 ሚሊ ሜትር ነው፤ በውስጡ የተቀመጠው የኪስ ሰዓት ማሽን ስለሆነ በእጅ አንጓ ላይ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ያሰሩ ያስመስላል። መሙያ ቁልፉ በወፍራም ጓንት እንዲያዝ ትልቅ ነው። የቆዳ ማሰሪያው ከበረራ ጃኬት እጅጌ በላይ እንዲደርስ ረጅም ነው። ቁልፉ ሲሳብ የሰከንድ ቆጣሪው ይቆማል፤ ናቪጌተሩ ከሬዲዮ ምልክቱ ጋር እስከ ሰከንዷ ያገናኘው በዚህ ነበር።

አምስት የሰዓት ቤቶች ሠርተውታል፦ ከግላስሁተ ላንገ ኡንድ ዞነ፣ ከፎርትስሃይም ላኮና ሽቶቫ፣ ከሃምቡርግ ቬምፐ፣ ከስዊዘርላንዷ ሻፍሃውዘን አይ ደብሊው ሲ። አይ ደብሊው ሲ በ1940 ያስረከበው 1,000 ያህል ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ገጽ ከ1 እስከ 11 ያሉትን ቁጥሮች ይዞ በ12 ቦታ ላይ ሦስት ማዕዘንና ሁለት ነጥብ አለው። ከጥር 1941 ወዲህ የመጣው ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ደቂቃዎቹን በውጭ ቀለበት በትልቁ፣ ሰዓቶቹን በውስጥ ቀለበት በትንሹ ያሳያል፤ ለናቪጌተር ዋናው ደቂቃና ሰከንድ ነውና። በቀፎው ጎን ኤፍ ኤል 23883 የሚል ጽሑፍ ይቀረጻል። ኤፍ ኤል በረራን፣ 23 ናቪጌሽንን ያመለክታል። በኋላ ክዳኑ ውስጥ ደግሞ ሞዴሉ፣ የመሣሪያው ቁጥር፣ የማሽኑ ቁጥርና የሠሪው ስም ተደርድረው ይገኛሉ። ሰብሳቢው ክዳኑን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የተቀረጸው የማሽን ቁጥር ከማሽኑ ከራሱ ቁጥር ጋር መግጠሙን ነው። ካልገጠመ ሰዓቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓቶች ተገጣጥሟል ማለት ነው።

ስለ እነዚህ ሰዓቶች የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ስለ ንድፍ ብቻ ያወራል። ንድፉ በእርግጥ የተዋጣለት ነው፤ ዕቃው ግን የናዚ አየር ኃይል ቦምብ ጣዮች ዕቃ ነበር፣ ይህንንም መጥቀስ የሚያፍር ሻጭ ሌላም ነገር ሊደብቅ ይችላል። የግላስሁተው የላንገ ሕንፃ ጦርነቱ ባለቀባት ዕለት በሶቪየት አውሮፕላኖች መመታቱም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። በጀርመን ሕግ የስዋስቲካ ምልክትን በአደባባይ ማሳየት ክልክል ስለሆነ፣ ምልክቱ ያለባቸው የዚያ ዘመን ዕቃዎች በጨረታ ሥዕል ላይ ተሸፍነው ይታያሉ።

ማርክ 11

አይ ደብሊው ሲ ለጀርመን ባስረከበ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በጦርነቱ ማብቂያ፣ ለእንግሊዝ ሠራዊትም የወታደር ሰዓት አቀረበ። ገለልተኛ አገር ለሁለት ጠላቶች ማቅረቧ ለሰዓት ታሪክ ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። ለእንግሊዝ አየር ኃይል ከ1948 ጀምሮ የተሠራው ማርክ 11 ግን የተለየ ቦታ አለው፤ ብዙ ሰብሳቢዎች ዘመናዊ የአብራሪ ሰዓቶች ሁሉ ከዚህ ይወለዳሉ ይላሉ፣ ጸሐፊውም ይስማማል።

ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ገጹ ጥቁር፣ ቁጥሮቹ ነጭ ናቸው። ብልሃቱ ያለው በማይታየው በኩል ነው። የአውሮፕላን ሞተርና ራዳር መግነጢሳዊ ኃይል ያመነጫሉ፤ በማሽኑ ውስጥ ያለችው እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቅል ሞላ ማግኔት ሲይዛት ጥምዝዞቿ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሰዓቱም ይሮጣል። ስለዚህ ማሽኑን ከላይ በገጹ፣ ከታችና ከጎን በሌላ ሽፋን አድርገው በለስላሳ ብረት ከለሉት፤ መግነጢሱ በብረቱ ዙሪያ ያልፋል፣ ሞላዋ ጋ አይደርስም። አይ ደብሊው ሲ ካሊበር 89 የተባለውን ማሽን ሲጠቀም፣ ሌላው ሰዓት ሠሪ ዠገር ለኩልትርም በራሱ ማሽን የዚሁኑ መለኪያ ሰዓት ሠርቷል። በ1952 አካባቢ የ12 ቁጥር ተነሥቶ በምትኩ ሦስት ማዕዘን ስለገባ፣ በገጹ ላይ 12 የተጻፈበት ሰዓት ቀደምት እንደሆነ ይታወቃል። የመንግሥት ንብረትነቱን የምታሳየው ሰፊ ቀስት በገጹም በኋላ ክዳኑም አለች። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በክብ ውስጥ ያለች ቲ ፊደል ትጨመራለች፤ በጨለማ የሚያበራው ቀለም ከራዲየም ወደ ትሪቲየም መቀየሩን ትነግራለች። በኋላ ክዳኑ 6ቢ/346 የሚል የመሣሪያ ቁጥርና ሰዓቱ አገልግሎት የገባበት ዓመት አለ።

ሰዓቶቹ የሚስተካከሉት በግሪንዊች ንጉሣዊ የከዋክብት መመልከቻ ተቋም ባለሙያዎች እጅ ነበር፤ ተቋሙ ያን ጊዜ ሄርስትሞንሱ በሚባል ቦታ ይገኝ ነበር። ማርክ 11 በአየር ኃይሉ እስከ 1981 አገልግሏል። ሠላሳ ዓመት በጥገና ክፍል ሲመላለስ ቆጣሪዎቹ ወይም ገጹ የተቀየረበት ሰዓት ስለሚበዛ፣ በጥገና የተቀየረን ነገር እንደ ማታለል ማየት ስሕተት ነው፤ ሠራዊቱ ራሱ ያደረገው የታሪኩ ክፍል ነው።

ሌሎች የአብራሪ ሰዓቶች

የፈረንሳይ መከላከያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያዘዘው ታይፕ 20 የተባለ ሰዓት ሲሮጥ የነበረውን ቆጣሪ በአንድ ጭነት ወደ ዜሮ መልሶ ወዲያው ያስጀምራል፤ ብረጌ፣ ኦሪኮስትና ዶዳን ከሠሩት መካከል ናቸው። ብሬትሊንግ በ1952 ያወጣው ናቪታይመር በመስታወቱ ዙሪያ የስሌት ቀለበት አለው፤ አብራሪው ነዳጅና ፍጥነት በእሱ ያሰላል።

ሮሌክስ ለፓን አም አየር መንገድ አብራሪዎች አስቦ በ1950ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ጂ ኤም ቲ ማስተር ሁለት አገር ሰዓት በአንድ ጊዜ ያሳያል። አራተኛዋ ቆጣሪ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ትዞራለች። ኢትዮጵያዊ አብራሪ ለዚህ እንግዳ አይደለም፦ በቤቱ የቀኑን ሰዓት ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፣ በበረራ ሰሌዳ ላይ በዓለም አቀፉ ይጽፋል፣ በኮክፒት ከግሪንዊች ጋር ያመሳክራል። የመጀመሪያዎቹ ጂ ኤም ቲ ማስተሮች ዙሪያ ቀለበታቸው ከባክላይት የተሠራ ነው። ባክላይት ይሰነጠቃል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም በአሉሚኒየም ተተካ። ያልተሰነጠቀ የፋብሪካ ባክላይት ማግኘት ስለሚያስቸግር የሰዓቱ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ያረፈው በዚያች ቀጭን ቀለበት ላይ ነው።

ሰብሳቢው የሚያየው

ቤት ቢታደስ ዋጋው ይጨምራል። የቆየ ሰዓት ግን አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ ቀፎው ተፈግፍጎ፣ ገጹ እንደገና ታትሞ ሲመጣ ዋጋውን ይጥላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቀፎ በተወለወለ ቁጥር የተቀረጸው ቁጥር ይሳሳል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል። በቆጣሪዎቹና በቁጥሮቹ ላይ ያለው አብሪ ቀለም እኩል ባረጀ መልክ መቅላት ወይም ቡናማ መሆን ይኖርበታል፤ ቁጥሩ ቡናማ ሆኖ ቆጣሪው ነጭ ከሆነ አንዱ ኋላ መጥቷል። የዛሬ አምራቾች የድሮውን የጀርመን ሰዓት መልክ ይዘው በሕጋዊ መንገድ ይሸጣሉ። አጭበርባሪው ደግሞ እንዲህ ያለውን ያገኝና በአሲድ አስረጅቶ ያቀርባል፤ የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች የኪስ ሰዓት ያህል ትልቅ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ግን ክዳን ሲከፈት በትልቅ ቀፎ ውስጥ የጠፋ ትንሽ ማሽን አይቶ ይስቃል።

ስለ ኦሪጅናልነት የተነገረው ሁሉ ግን አንድ ጊዜ ሲሸነፍ ታይቷል። ተዋናይ ማርሎን ብራንዶ አፖካሊፕስ ናው በሚባለው ፊልም ላይ ያሰረው ጂ ኤም ቲ ማስተር ዙሪያ ቀለበት የለውም፤ ራሱ ነቅሎ አወጣው፣ በኋላ ክዳኑም ስሙን ጻፈበት። በ2019 በኒውዮርክ በፊሊፕስ ጨረታ በ1,952,000 ዶላር ተሸጠ። ሌላ ሰው ያወለቀው ቀለበት ጉድለት ነው፤ ብራንዶ ያወለቀው ግን በፊልም ስለታየ ማስረጃ ሆነ።

የራዲየም ነገር

የ1940ዎቹ ሰዓቶች በጨለማ የሚያበሩት ራዲየም ተቀብተው ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ አያበሩም፤ ይህ ግን ራዲየሙ አልቋል ማለት አይደለም። የሞተው ጨረሩን ወደ ብርሃን የሚለውጠው ዚንክ ሰልፋይድ ነው፤ ጨረሩ እንዳለ ነው። ክዳን ተከፍቶ ቀለሙ ሲፋቅ የሚነሣው ብናኝ ሳንባ ከገባ አደገኛ ነው፤ በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብሩሻቸውን በከንፈራቸው እያሾሉ ሰዓት ሲቀቡ የነበሩ ሴት ሠራተኞች በዚሁ ራዲየም መታመማቸውና መሞታቸው በፍርድ ቤት ጭምር የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ ቀለሙን በቢላ መፋቅ፣ ክዳን በማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ መክፈት፣ ብዙ ሰዓቶችን በተዘጋ ትንሽ ቁም ሣጥን ማከማቸት አይገባም፤ ከራዲየም የሚወጣው የራዶን ጋዝ በዝግ ቦታ ይጠራቀማል። ትሪቲየም ቀለል ያለ ነው፤ ጨረሩ በመስታወቱ አያልፍም፣ በ12.3 ዓመትም ግማሹ ያልቃል። የራዲየም ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ያህል ነው፤ በ1940 በአንድ ናቪጌተር ሰዓት ላይ ከተቀባው ራዲየም እስከ 3540 ግማሹ ገና ይኖራል።