ከሮቢንሰን ክሩሶ ላይ የተቀነሱት ገጾች

ሮቢንሰን ክሩሶን ጨርሶ የማያውቅ ተማሪ አለ ቢባል ለማመን ይቸግራል። ሙሉውን መጽሐፍ ያነበበው ግን ስንቱ ነው? ብዙዎቻችን የምናውቀው በቀላል እንግሊዝኛ ተመጥኖ፣ በየምዕራፉ መጨረሻ ጥያቄ ተደርድሮበት፣ ሥዕል ገብቶበት የተዘጋጀውን ቀጭኑን ነው። እሱም ቢሆን ከልብ የማይጠፋ ነገር ትቶልናል፤ መርከብ ተሰብራ አንድ ሰው ብቻ ሲተርፍ፣ የፍየል ቆዳ ለብሶ ጃንጥላ ይዞ ሲንጎራደድ፣ አሸዋው ላይ የባዶ እግር ዱካ አይቶ ክው ሲል። ለመሆኑ ግን ይህ ሰው መርከቡ የተሰበረችበት ወዴት ሲሄድ ነው?

ጥያቄው ተራ ነገር ይመስላል። መልሱ ግን መጽሐፉ ለልጆች በተዘጋጀ ቁጥር እየተሸራረፈ፣ ኋላም ጭራሹን እየጠፋ የመጣው ክፍል ነው። የጠፋውም እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም፤ ይቅር ያለ ሰው አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዳንኤል ዴፎ መጽሐፉን ለንደን ላይ ሲያወጣ፣ አፕሪል 25 ቀን 1719 መሆኑ ነው፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ ተጠግቶ ነበር። ነግዶ ከስሯል፣ በዕዳ ታስሯል፣ በ1703 ደግሞ በጻፈው ጽሑፍ ተፈርዶበት አንገቱና እጁ በሳንቃ ተጠርቅሞ አደባባይ ላይ ቆሟል። መጽሐፉ ላይ ስሙ የለም፤ ባሕረኛው ራሱ የጻፈው ነው ተብሎ ነው የወጣው። ለታሪኩ መነሻ ሆነ የሚባለው አሌክሳንደር ሴልከርክ የተባለ ስኮትላንዳዊ መርከበኛ ሲሆን ከ1704 እስከ 1709፣ አራት ዓመት ከአራት ወር፣ ከቺሊ ማዶ ባለ ደሴት ላይ ብቻውን ኖሯል። የቺሊ መንግሥት በ1966 ያንን ደሴት ሮቢንሰን ክሩሶ ብሎ ሰይሞታል። የሚያስቀው ነገር፣ የመጽሐፉ ደሴት ያለው በሌላው ውቅያኖስ፣ ኦሪኖኮ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አካባቢ ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ዴፎ በጻፈው መሠረት ሮቢንሰን ደሴቱ ላይ ከመውደቁ በፊት ብዙ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ነገር፣ እሱ ራሱ ባሪያ ነበር። የሞሮኮ የባሕር ወንበዴዎች ማርከውት ሁለት ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ ዙሪ ከሚባል ልጅ ጋር በጀልባ ያመልጣል። ዙሪ ለእሱ ያልሆነው የለም። ውሃ ለመቅዳት ወደማያውቁት የብስ መውረድ በነበረባቸው ጊዜ፣ አውሬ ሰዎች ቢመጡ እኔን ይብሉኝና አንተ ታመልጣለህ ብሎ ልሂድ ያለው ልጅ ነው። ሮቢንሰንም ታማኝ ከሆነ ትልቅ ሰው ሊያደርገው ቃል ገብቶለት ነበር። ኋላ የፖርቱጋል መርከብ አገኘቻቸው። የመርከቢቱ አዛዥ ጀልባዋን በ80 የእስፓኝ ብር ገዛ፤ እንደኛው ጠገራ ብር ያለ ማለት ነው። ልጁንስ? ልጁን በ60 ገዛው። ክርስቲያን ከሆነ በ10 ዓመቱ ነፃ ሊያወጣው ቃል ገብቶ። ሮቢንሰን ጥቂት አመነታና ሸጠው። ብራዚል ገብቶ ትንባሆና ሸንኮራ አገዳ ማልማት ከጀመረ በኋላ ዙሪን በመስጠቱ ይቆጨዋል፤ የሚቆጨው ግን እርሻው ላይ የሰው ጉልበት ስላጠረው ነው። እኔ ሙሉውን መጽሐፍ ሳነብ እዚህች ላይ ነው ቆም ያልኩት። የደሴቱ ብቸኝነት ሁሉ ይችን አንድ ዓረፍተ ነገር አያህልም።

ብራዚል ውስጥ አራት ዓመት ያህል እንደቆየ ጎረቤት ባለ እርሻዎች ምክር ይዘው መጡ። ባሪያ ውድ ነው፤ ንግዱም በእስፓኝና በፖርቱጋል ነገሥታት ፈቃድ ብቻ የሚካሄድ ነው። ስለዚህ በስውር ወደ ጊኒ መርከብ ልከው ጥቁሮች አምጥተው ሊከፋፈሉ አሰቡ። ሮቢንሰን ገንዘብ ሳያወጣ እኩል ድርሻ ሊያገኝ፣ በምትኩ ግን ንግዱን አብሮ ሄዶ ሊመራ ተስማማ። መርከቢቱ 120 ቶን የምትጭን፣ 6 መድፍ ያላት ናት። ጭነቷ ጨሌ፣ የብርጭቆ ዕቃ፣ ቢላ፣ መቀስ፣ ጥራር የመሳሰለ ነበር። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1659 ተነሣች፣ በ30 ተሰበረች። እንግዲህ መልሱ ይህ ነው፤ ሮቢንሰን ክሩሶ የሰጠመችበት መርከብ ሰው ልትገዛ ስትሄድ የነበረች መርከብ ናት።

ለ1719 አንባቢ ይህ ምንም የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። እንግሊዝ በ1713 በዩትሬክት ውል ለ30 ዓመት፣ በየዓመቱ 4,800 ባሪያ ወደ እስፓኝ የአሜሪካ ግዛቶች የማቅረብ መብት አግኝታ የከበረ ድል ብላዋለች። ዴፎ ራሱ ከአፍሪካ ጋር የሚደረገውን ንግድ በጋዜጣው ላይ ሲደግፍ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ የጊኒውን ጉዞ ከልጅ ለመደበቅ ያሰበው እሱ አይደለም። ሮቢንሰን ኋላ በራሱ ላይ ሲፈርድ እንኳ የሚጸጸተው አባቱን ባለመስማቱና በያዘው ባለመርጋቱ ነው።

ማሳጠሩ የጀመረው ግን ወዲያው ነው። መጽሐፉ በወጣ በአራት ወሩ ኮክስ የሚባል አሳታሚ ያለ ፈቃድ ያሳጠረውን አወጣ። ዴፎ በንዴት በሁለተኛው ክፍል መቅድም ላይ ማሳጠር ማለት መንገድ ላይ ከመዝረፍ አይተናነስም እስከ ማለት ደረሰ። ዋናው ቅሬታው ሃይማኖታዊና ግብረ ገባዊ ሐሳቤን ገፈፋችሁት የሚል ነው። (እውነቱን ለመናገር፣ ከእነዚያ ገጾች አንዳንዶቹ ቢቀነሱ የሚያለቅስ አንባቢ የሚገኝ አይመስለኝም።) ከዚያ ወዲያ አዟሪዎች በየገበያው በሳንቲም የሚሸጧቸው ሃያ አራት ገጽ ብቻ ያላቸው ሮቢንሰኖች መጡ። እነዚህ የሚቆርጡት ወረቀት ለመቆጠብ ነው፤ ሌላ ሐሳብ የላቸውም።

ሐሳብ ይዞ የቆረጠው ዣን ዣክ ሩሶ ነው። በ1762 ባወጣው «ኤሚል» በተባለው የትምህርት መጽሐፉ ላይ፣ ልጁ መጀመሪያ የሚያነበው፣ ለረጅም ጊዜም ብቸኛ መጽሐፉ የሚሆነው ሮቢንሰን ክሩሶ ነው አለ። አንድ ነገር ግን ጨመረበት፤ ትርኪ ምርኪው ይውጣለት፣ ታሪኩም መርከቢቱ ስትሰበር ጀምሮ ሌላዋ መርከብ ልትወስደው ስትመጣ ይለቅ። ሰው ከሰው ተለይቶ በእጁ ሥራ እንዴት እንደሚኖር ልጁ እንዲማር ነው የፈለገው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ውጤቱን ግን ተመልከቱ። መጀመሪያው ሲቆረጥ ዙሪ ሄደ፣ ብራዚል ሄደች፣ ጊኒ ሄደች። መጨረሻው ሲቆረጥ ደግሞ ሮቢንሰን ከ28 ዓመት በኋላ ሊዝበን ሲደርስ የሚጠብቀው ሀብት፣ ከ5,000 ፓውንድ በላይ ጥሬ ገንዘብና በዓመት ከ1,000 ፓውንድ በላይ የሚያስገባ የብራዚል እርሻ፣ አብሮ ሄደ። የቀረው ባዶ ደሴት፣ አንድ ሰውና መጥረቢያው ነው። ስለ ሰው ነፃነት እንደ ሩሶ የጮኸ ጸሐፊ ጥቂት ነው፤ ባሪያ ነጋዴውን አጥቦ ንጹሕ ያደረገውም እሱው መሆኑ ይገርማል።

ጀርመናዊው መምህር ካምፔ በ1779 እና በ1780 ባወጣው የልጆች ሮቢንሰን የሩሶን ምክር ከሩሶም አልፎ ሄደበት። የሱ ሮቢንሰን የሐምቡርግ ልጅ ነው፤ ከመርከቢቱ መሣሪያ እንኳ ሳያወጣ በባዶ እጁ ይጀምራል። አባት ለልጆቹ ማታ ማታ እያወራ፣ እነሱም እየጠየቁ የሚሄድ ነው፤ የኛን የእሳት ዳር ተረት ያስታውሳል። መጨረሻው ሀብት አይደለም፤ ሮቢንሰንና ፍራይዴይ ሐምቡርግ ገብተው አናጢነት ተምረው አብረው ይኖራሉ። ይህች መጨረሻ ደስ ትለኛለች፣ አልክድም። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ በመላው አውሮፓ ተነቧል።

ታሪክን ለሚያነበው ሰው እንዲስማማ አድርጎ መልሶ ማውራት የፈረንጅ ብቻ አይደለም። በግዕዙ ዜና እስክንድር ውስጥ የመቄዶንያው ንጉሥ እግዚአብሔርን የሚያመልክ ጾመኛ ሆኖ እናገኘዋለን፤ የኛ ሊቃውንት ከራሳቸው እምነት ጨምረውበታል። ልዩነቱ እስክንድርን ስናነብ የተጨመረው ገጹ ላይ ይታያል። ከሮቢንሰን ላይ የተቀነሰው ግን አይታይም፤ ባዶ ቦታው እንኳ ተደፍኗል። ፍራይዴይም በዚሁ የተነሣ ተለውጧል። በቀጭኑ መጽሐፍ አመስጋኝ ወዳጅ ይመስላል። ሙሉውን ያነበበ ግን ሮቢንሰን የራሱን ስም ሳይሆን «ጌታ» የሚለውን ቃል ቀድሞ ሲያስተምረው፣ ዙሪን ያስታውሳል።

ከአዲሶቹ ሁሉ የምወደው የፈረንሳዊው ሚሼል ቱርኒዬ ሥራ ነው። በ1967 ለአዋቂዎች አንድ ሮቢንሰን ጻፈ፤ በ1971 እሱው ራሱ የገዛ መጽሐፉን ለልጆች አሳጥሮ አወጣው። እዚያ ፍራይዴይ በባሩድ ፍንዳታ የጌታውን ንብረት ሁሉ ካጠፋ በኋላ ነፃ ይሆንና አስተማሪው እሱ ይሆናል። መርከብ ስትመጣም የሚሄደው ፍራይዴይ ነው፤ ሮቢንሰን ይቀራል፣ ከመርከቢቱ ጠፍቶ የመጣ አንድ ልጅም ያገኝና እሑድ ብሎ ይሰይመዋል። ፍትሕ ያለበት አወራር ነው። የቱርኒዬን ሮቢንሰንም ወዴት ሲሄድ ነበር ብዬ ፈለግሁ። በደቡብ አሜሪካ በኩል፣ በእንግሊዝና በቺሊ መካከል የንግድ ልውውጥ ሊያመቻች ይላል። ጊኒ እዚያም የለችም።